ከቫላንሲየን የመጣው ኮሌታ

ኤሎዲ የሆሳዕናውን ቅጠል ጸበሉ ውስጥ ነክራ አስከሬኑ ላይ ልትረጭ እጇን እንዳነሳች ደርቃ ቀረች። ከቅጠሉ ጫፍ የተንጠለጠለው ጠብታ የገዛ ጫማዋ ላይ ወደቀ። ከኋላዋ ሌላው ለቀስተኛ ተራውን እየጠበቀ ቆሟል፤ እሷ ግን ዓይኗን ከሟቿ አንገት ላይ መንቀል አልቻለችም።

«ምነው ኤሎዲ?» አለ አሊዶር፣ ከአልጋው ራስጌ ካለው ወንበሩ ላይ ሆኖ። «አምሮባታል አይደል ሚስቴ?»

«አምሮባታል» አለች ኤሎዲ። ጸበሉን ረጨት ረጨት አድርጋ፣ ቅጠሉን ለተከታዩ አቀብላ፣ ጸሎቷን እንኳ ሳትጨርስ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ማድ ቤት ራሼል፣ የሟች አንድያ ልጅ፣ ለለቀስተኛው ቡና እያፈላች ነበር። ብሩዥ ከምትሠራበት ዳቦ ቤት ያመጣችው ዘቢብ ያለበት ዳቦ ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። ኤሎዲ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን አስደገፈችበት።

«ያንን ኮሌታ ማነው ያደረገላት?»

«የቱን?»

«አንገቷ ላይ ያለውን ነዋ! ትናንት እኔ አጥቤ ሳለብሳት አልነበረም። ጥቁር ቀሚሷን አልብሼ፣ መቁጠሪያዋን እጇ ላይ ጠምጥሜ ነው የሄድኩት።»

«አባዬ ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከቁም ሳጥኑ አወጣና "ይሄንን ሳታደርግ አትሄድም" አለ። ምን ሆነ?»

ኤሎዲ ወደ መስኮቱ ዞር አለች። የቤቱ መስኮት ሁሉ በለቅሶው ምክንያት መዝጊያው ስለተዘጋ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ነገሩ ከብዷት ነው እንጂ።

«የማሽን ነው» አለች በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«ዳንቴሉ! የፋብሪካ ዳንቴል ነው፣ ራሼል። ዙልማን የፋብሪካ ዳንቴል አስራችሁ ልትቀብሯት ነው።»

ራሼል ቡናው ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲንጫጫ እየሰማች ማንሳት አቃታት።

ይህ ነገር ሌላ አገር ቢሆን ማንም ጉዳዬ አይለውም ነበር። ሁለት ጣት የማይሞላ ነጭ ዳንቴል ነው፤ ነገ አፈር ሊበላው ነው። እዚህ መንደር ግን ሴት ልጅ ማንኪያ ከመያዟ በፊት ቀሰም መያዝ ትማራለች ቢባል ማጋነኑ ትንሽ ነው። ክር የተጠመጠመባቸው የእንጨት ቀሰሞች በየመስኮቱ ሥር፣ ዳንቴሉ በእስፒል ተይዞ በሚሠራበት ጠንካራ ትራስ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ሲንኳኩ ይውላሉ። የሞተችው ደግሞ ተራ ሠራተኛ አይደለችም፤ ዙልማ ነች፣ ስም አውጪዋ።

ከሴት አያቷ ሳጥን ዳንቴል ያገኘች ሁሉ በሰማያዊ ወረቀት ጠቅልላ ወደ እሷ ትመጣለች። «ዙልማ፣ ይሄ ምን ይባላል?» ነው ጥያቄው። ዙልማ ቸኩላ አታውቅም። መጀመሪያ ክሩን ትከተላለች፤ ከዳር እስከ ዳር ሳይቆረጥ የሄደ ነው፣ ወይስ አበባው ለብቻ፣ ቅጠሉ ለብቻ ተሠርቶ ኋላ የተጋጠመ? የተጋጠመ ከሆነ ምንም ቢያምር «ቁርጥራጭ» ትለዋለች፤ ለእሷ ዳንቴል ማለት ክሩ ገብቶ እስኪወጣ ያልተበጠሰ ነው። ክሩ ካልተቆረጠ የአበባውን ዙሪያ በጥፍሯ ትዳስሳለች። ወፍራም ክር ከዞረው የመኽለን ወይም የሊል ነው፤ ካልዞረው ወደ ቫላንሲየን ይጠጋል። ከዚያ መረቡን ብርሃን ላይ ዘርግታ ቀዳዳውን ታያለች። በረዶ የተበተነበት ከመሰለ የቢንሽ ነው ትላለች። በመጨረሻ ስሙን ትሰጠዋለች፤ ዙልማ የሰጠችውን ስም የሚያነሳ ሰው አልተፈጠረም።

ስሞቹ ሁሉ የከተማ ስሞች ናቸው። ዙልማ ግን ከብሩዥ አልፋ አታውቅም። ዕድሜ ልኳን ቫላንሲየን ስትሠራ ኖራ ቫላንሲየን የሚባለውን የፈረንሳይ ከተማ በህልሟም አላየችው። እዚያ ከተማ ይህን ዳንቴል የሚሠራ ሰው ካለቀ ቆይቷል፤ ስሙ ብቻ ተሰዶ መጥቶ እዚህ የፍላንደርስ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ይህን ትራስ ላይ አጎንብሰው ያረጁ ሴቶች ሁሉ ያውቁታል። ወንዶቹ አያውቁትም፤ ማን ብሎ ይነግራቸዋል?

ከሁሉም በፊት ግን ዙልማ ጠርዙን ትገለብጥ ነበር። ማሽን የሠራው ዳንቴል ክሩ በመቀስ ስለሚቆረጥ ጠርዙ ላይ እንዳልተላጨ አገጭ የሚቆረቁር ነገር ይቀራል። ይሄኛው ስም የለውም። «የፋብሪካ» ትልና እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ ይዛ ትመልሰዋለች።

ሌላዋን የመንደሩን ዳንቴል ሠሪ፣ ሮማኒን፣ ያዋረደቻት እንደዚህ ነው። የነሐሴ የእመቤታችን በዓል ሊደርስ ሴቶቹ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ለሐውልቱ የሚለበሰውን ያዘጋጃሉ። ያኔ ራሼል ገና ልጅ ነበረች፤ እስፒል ታቀብላለች። ሮማኒ የሟች እናቷን የሠርግ ቆብ ይዛ መጣች። ዳንቴሉን ከቆቡ ፈትታ ለእመቤታችን መጎናጸፊያ ልትሰጥ ነው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ዙልማ ተቀበለችው፣ ገለበጠችው፣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ አሸት አደረገችው።

«የፋብሪካ ነው» አለች። «ለእመቤታችን የፋብሪካ አናለብስም።»

«እናቴ እኮ ነች የሠራችው» አለች ሮማኒ።

«እናትሽ ገዝታው ነው።»

ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን ሰበሩ። ሮማኒ ቆቡን ከዙልማ እጅ ላይ አነሳችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ የዙልማን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፤ መንገድ ላይ ከሩቅ ካየቻት ትሻገራለች። ዙልማ ደግሞ ማታ ራት ላይ «ምን ልበል ታዲያ? የሆነውን ነው ያልኩት» አለች።

«ነገ ቀብር ነው» አለች ኤሎዲ፣ ምድጃውን በጨርቅ እየጠረገች። «ሮማኒ የማትመጣ ይመስልሻል? ለዚህ ቀን ስትል ነው በሕይወት የቆየችው። እኔ ገና ከሩቅ የለየሁትን እሷ ጠርዙን ሳትገለብጥ አትሄድም። አባትሽ ደግሞ አርፎ አይቀመጥ፤ ለገባው ሰው ሁሉ "እዩልኝ፣ ቫላንሲየን ነው፣ እኔ ነኝ የገዛሁላት" ይላል!»

«እማዬስ? እማዬ አታውቅም ነበር?»

«ዙልማ? ብታውቅማ ኖሮ አንድ ቀን ታሳድረው ነበር?» ኤሎዲ ጨርቁን ወረወረችው። «እኔ እንጃ። አንገቷ ላይ ሲደረግ አይቼው አላውቅም። ጎረቤቷ ሆኜ ስኖር፣ አንድ ቀን!»

ራሼል ግን አይታዋለች። በዓመት አንድ ቀን፣ በጋብቻቸው ቀን፣ በር ተዘግቶ ጥንቸል ተሠርቶ ሦስቱ ብቻ ሲበሉ እናቷ ያንን ኮሌታ ታደርግ ነበር። አባቷ «ቅዳሴ ስትሄጂ አድርጊው እንጂ፣ ሰው ይየው» ሲላት «ለአንተ ነው የማደርገው፣ ለሰው አይደለም» ትለዋለች። ራሼል እናቷ ፍቅር ስትናገር የሰማችው ያኔ ብቻ ስለሆነ ቃሉን አልረሳችውም።

ቡናውን ይዛ ወደ ሟች ክፍል ገባች። መስታወቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፤ የግድግዳው ሰዓት እናቷ በሞተችበት ሰዓት ላይ ቆሟል። ዙልማ ታማ አልነበረም። ትናንት ጠዋት ትራሷ ላይ እንዳጎነበሰች፣ ቀሰሞቹ ከእጇ ሳይወጡ ነው የሄደችው፤ አሊዶር የቀሰሙ ድምፅ ሲጠፋበት ነው ቀና ያለው። ቤቱ እስካሁን ያንን ዝምታ ማመን አልቻለም።

አሊዶር ለሁለት የእርሻ ጓደኞቹ እያወራ ነበር። ሰዎቹ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ።

«ጎረምሳ ነበርኩ። ፈረንሳይ ለስኳር የሚሆን ቀይ ሥር ነቅለን ስንመለስ ባቡር ለመቀየር ቫላንሲየን ላይ ወረድን። ቫላንሲየን! ስሙን ስሰማ ደንግጬ ቆምኩ። እኛ መንደር ሴቱ ሁሉ ዓይኑን የሚያጠፋበት ነገር አገሩ ይሄ ነው ማለት ነው፣ አልኩ። ሌሎቹ ቢራ ሊጠጡ ገቡ፤ እኔ ሱቅ ፍለጋ ሄድኩ። "እውነተኛ ቫላንሲየን ነው?" ብዬ ብጠይቀው ባለሱቁ ሳቀብኝ። "ጌታው፣ የት የቆሙ መስሎዎት ነው?" አለኝ።»

«እውነቱን ነዋ» አለ አንደኛው።

«እውነቱን ነው! ሌላው ሰው የሚያደርገው እዚህ የተሠራ ነው፤ የእኔ ግን ከምንጩ ነው የተቀዳው። አምጥቼ ሰጠኋት። አልተጋባንም ገና። ገለበጠችው። ጠርዙን አየችው። ታውቋታላችሁ፣ ዝም ብላ አየችው፣ አየችው። ላብ አጠመቀኝ። በኋላ ቀና ብላ "ቫላንሲየን ነው፣ አሊዶር" አለችኝ። እንባዋ ዱብ አለ።» ወደ አልጋው ዞረ። «ዙልማ አልቅሳ ታውቃለች? ለእኔ ግን አለቀሰች።»

ራሼል ስኒዎቹን ለሰዎቹ አቀበለች። እናቷ ጠርዙን አይታ ነው ያለችው። የሮማኒን ቆብ በአንድ አሸታ የለየች ሴት፣ ጠርዙን አይታ፣ ደግማ አይታ፣ ተሳሳተች? እናቷ በአንድ ነገር እንኳ ተሳስታ አታውቅም። ተሳስታ ከሆነ ደግሞ ሴቶቹ ነገ ሬሳዋ ላይ ሊሳሳቁ ነው።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ራሼል አባቷን «ጥንቸሎቹ ከጠዋት ጀምሮ አልበሉም» አለችው። አልዋሸችም። አሊዶር ጉልበቱን ይዞ ተነሳና ወደ ጓሮ ወጣ።

ኤሎዲ የመከረቻትን አዘጋጅታ ነበር፤ እናቷ በገዛ እጇ የሠራችው ቫላንሲየን ሽርጧ ሥር በሰማያዊ ወረቀት ተጠቅልሏል። ክሩ ገብቶ እስኪወጣ ያልተበጠሰ። ያንን አውልቃ ይህን ማድረግ ነው። የአባቷ ዓይን ደክሟል፤ ነጭ ሆኖ እስካየው ድረስ ልዩነቱን አያውቅም። እናቷ ስሟን ይዛ ትቀበራለች፣ አለቀ።

ጎንበስ ብላ ከማጅራቷ ሥር እስፒሉን ፈለገች። የእናቷ ቆዳ ቅዝቃዜ አስደነገጣትና እጇን ሰበሰበች። እንደገና ሞከረች። ኮሌታውን ሳብ ስታደርገው ጥፍሯ የሆነ ነገር ያዘና አንድ ክር ጥስ አለ። ሻማውን አስጠግታ ጠርዙን ገለበጠች።

ጠርዙ ተዘምዝሟል።

ክሩ የሸረሪት ድር ያህል ቀጭን ነው። ስፌቱ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰ፣ አንዱ ከሌላው ሳይበልጥ፣ ከዳር እስከ ዳር። ማሽን የቆረጠው የክር ጫፍ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ተይዞ፣ እንዳይታይ ተሰፍቶ ተደብቋል። አሁን ጥፍሯ በበጠሰው ቦታ ብቻ ጫፎቹ ብቅ ብለው ቆመዋል። እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ እጅ በዚህ መንደር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ እጅ አሁን መቁጠሪያ ተጠምጥሞበት ደረቷ ላይ ተቀምጧል።

ራሼል የአባቷ ወንበር ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እናቷ አልተሳሳተችም። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ታውቅ ነበር። አውቃ «ቫላንሲየን ነው» አለችው፤ ከዚያ ተደብቃ፣ ምናልባት እሱ እርሻ ሲውል፣ ለስንት ቀን እንደሆነ እግዜር ይወቅ፣ ውሸቷን በመርፌ ጨረሰችው። ይህች ሴት! የሮማኒን ሟች እናት እንኳ ያልማረች!

ወዲያው ደግሞ ድንጋጤው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ራሼል ከሮማኒ በላይ ራሷን አስታወሰች።

ገና ሕፃን ሳለች የመጀመሪያ ዳንቴሏን ከትራሱ ላይ ፈታ፣ እስፒሉን አንድ በአንድ ነቅላ፣ በመዳፏ ይዛ ወደ እናቷ ሮጠች። ሌሎቹ ሴቶች ሲሉ እንደሰማችው «ዙልማ፣ ይሄ ምን ይባላል?» አለች፣ እየሳቀች። እናቷ ተቀበለቻት። ልክ እንደ ትልቅ ሰው ሥራ ብርሃን ላይ ዘረጋችው። ክሩን ተከተለች፣ ዙሪያውን ዳሰሰች፣ ቀዳዳውን አየች።

«ስም የለውም» አለቻት። «እጅ የለሽም፣ ራሼል። ሌላ ሥራ እንፈልግልሻለን።»

ክፋት አልነበረበትም። ዙልማ እንዲሁ ነበረች፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነው እንደምትለው ነው ያለችው። ራሼል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀሰም አልነካችም። አደገች፣ ብሩዥ ሄደች፣ ዳቦ ስትሸጥ አረጀች። በመጣች ቁጥር እናቷ ልጇ ያመጣችውን ዳቦ ትቆርስና «ይሄ ጥሩ ነው» ወይም «ይሄ ጨው በዝቶበታል» ትላታለች። እናቷ «ጥሩ ነው» ካለቻት ራሼል ሳምንት ሙሉ ደስ ብሏት ትሰነብት ነበር፤ ውሸት አይደለማ።

«ለእሱ ዋሽተሻል» አለች ጮክ ብላ፣ ሬሳውን። ድምፁ የራሷ አልመስላት አለ። «ለእሱ ትችይበት ነበር። እኔ አንዲት ቃል ነበር የጠየቅኩሽ እኮ፣ እማዬ። የፈለግሽውን ከተማ ስም። አንዲት ቃል!»

የጓሮው በር ተንኳኳና የአባቷ የእንጨት ጫማ ተሰማ። ራሼል ሰማያዊውን ወረቀት ሽርጧ ሥር መለሰችው። ኮሌታውን ለመቀየር ጊዜ አልነበራትም፤ እውነቱን ለመናገር፣ ፍላጎቱም ጠፍቷት ነበር። አሁን ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ፣ አለች በልቧ። እውነቱን የምሰማው ለምን እኔ ብቻ?

አሊዶር ገብቶ የሚስቱን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ዳበስ አደረገ።

«በልተዋል» አለ። «ትልቁ ነከሰኝ።» ከዚያ አያት። «ኮሌታውን እያየሽ ነበር?»

«እያየሁት ነበር፣ አባዬ።»

«እዪው፣ እዪው። ታውቂያለሽ፣ እናትሽ ከባድ ሰው ነበረች። አጥር ሳጥር ጠማማ ነው፣ ስዘምር ቅኝቱ ጠፍቷል፣ ስላጭ እዚህ ጋ ትተሃል። ውሸት አታውቅማ! ልክ ነበረች፣ አጥሩ ጠማማ ነው።» ሳቅ አለ። «ግን አንድ ቀን አንድ ነገር በትክክል እንደሠራሁ ነገረችኝ። እሷ! ሌላ ሰው ቢለኝ ምን ዋጋ አለው? እሷ ናት ያለችው። በእሱ ነው የኖርኩት፣ ራሼል።»

ራሼል ተነስታ ወንበሩን ለቀቀችለት።

በነጋታው ጠዋት አናጢው ሳጥኑን በጋሪ አምጥቶ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠ። ዙልማን አስተኟት። ቄሱ ደጅ ላይ ከተሸካሚዎቹ ጋር ቆመዋል፤ ክዳኑ ግድግዳ ተደግፏል። የመጨረሻው ስንብት ነው። ሴቶቹ አንድ በአንድ እያለፉ ጸበል ይረጫሉ። ብዙዎቹ ኮሌታውን አይተው ዓይናቸውን ወደ መሬት ይጥሉ ነበር፤ ኤሎዲ አፏን መያዝ አልቻለችም ማለት ነው። ጥግ ላይ ሁለት ሴቶች ተያይተው ከንፈራቸውን ነከሱ።

ሮማኒ ገባች።

ጥቁር ለብሳ፣ በበትር እየተደገፈች፣ ማንንም ሳታይ ቀጥ ብላ ወደ ሳጥኑ መጣች። ቅጠሉን ተቀበለች፣ ረጨች፣ መለሰች። ሮማኒ ልትዞር ስትል አሊዶር ክንዷን ያዛት።

«ሮማኒ! እንኳን መጣሽ። አንቺ ታውቂያለሽ፣ ከእሷ ቀጥሎ እዚህ መንደር የምታውቂ አንቺ ነሽ። ሴቶቹ ዛሬ ምን እንደሆኑ አላውቅም፤ ሳሳያቸው ዝም ይላሉ። እስኪ ንገሪያቸው። ይሄ ምን ይባላል?»

ኤሎዲ «ኢየሱስ» አለች፣ ለራሷ።

ሮማኒ አጎነበሰች። መነጽሯን አላወጣችም። ጣቷን ወደ ኮሌታው ልካ ጠርዙን በአውራ ጣቷ አሸት አደረገችው፤ ልክ ያኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዙልማ እንዳደረገችው። ትናንት ራሼል የበጠሰችው ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ጫፎቹ ቆረቆሯት። ቀጥሎ ያለውን ስፌት ዳሰሰችው፣ ከዚያ ወዲያኛውን፣ ከዚያ ቀና ብላ ራሼልን አየቻት። ራሼልም ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት።

«ከየት ነው የገዛኸው አልክ?» አለች ሮማኒ።

«ከቫላንሲየን! ከራሱ ከከተማው!»

«ዙልማ አይታዋለች?»

«ገልብጣ ነው ያየችው። ጠርዙን ነው ያየችው።»

«ምን አለች?»

«ቫላንሲየን ነው አለች።»

ሮማኒ በትሯን ተደግፋ ቀስ ብላ ቀና አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ዙልማ ስም ስታ ታውቃለች?»

ከሴቶቹ ውስጥ ያልደነገጠች አልነበረችም። አሊዶር ብቻ ነው ቃሉን እንደ ተራ ምስጋና የተቀበለው። ሴቶቹ ግን ምን እንደተከፈለበት ገብቷቸዋል። ዙልማ ስም ስታ የማታውቅ ከሆነች የሮማኒ እናት ቆብም የፋብሪካ ነው። ሮማኒ ዕድሜዋን ሙሉ አልቀበልም ያለችውን ፍርድ፣ በሰው ፊት፣ በጠላቷ ሬሳ ላይ ቆማ ተቀበለች። ኤሎዲ ሽርጧን አንስታ ፊቷን ሸፈነች።

«ደግሞ» አለች ሮማኒ፣ «እኛ ቫላንሲየን የምንለው ሁሉ እዚሁ ጭቃ ውስጥ የተሠራ ነው። እዚህ መንደር ከቫላንሲየን የመጣ ቫላንሲየን ይሄ ብቻ ነው።»

«አላልኳችሁም!» አለ አሊዶር። ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረበትና እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ሰዎቹ ከግራና ከቀኝ ደገፉት።

በዚያ ግርግር ሮማኒ ወደ ራሼል ጠጋ አለች።

«ማጅራቷ ጋ አንድ ስፌት ተበጥሷል» አለቻት በለሆሳስ። «መርፌ አምጪ።»

ራሼል ከእናቷ ትራስ ላይ መርፌና ከሁሉ የቀጠነውን ክር ይዛ መጣች። ትራሱ ላይ ያላለቀው ሥራ ከነቀሰሞቹ እንደተንጠለጠለ ነው። መርፌውን ለሮማኒ ዘረጋችላት።

«እርስዎ ይስፉት። እኔ እጅ የለኝም።»

«ማን አለሽ?»

«እሷ።»

«እኔንም ብዙ ነገር ብላኛለች» አለች ሮማኒ። «በይ ቶሎ በይ፣ አናጢው ቆሟል።»

ራሼል ሳጥኑ አጠገብ ተንበረከከች። ክሩን መርፌው ዓይን ውስጥ ለማግባት ደጋግማ ሞከረች፤ ሮማኒ ሻማውን ያዘችላት። የተገተሩትን ጫፎች በጥፍሯ ወደ ውስጥ አጠፈቻቸው። የእናቷ ስፌት ካቆመበት ጀመረች። የእሷ ስፌት ትልቅ ነበር፣ ጠማማም ነበር፤ ከእናቷ ጎን ሲታይ ያሳፍራል። ግን ያዘ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለ አባቷ ከኋላ፣ በለቅሶ በታፈነ ድምፅ።

«ምንም አይደል አባዬ። አንድ ክር ተነስቶ ነው።»

አናጢው ክዳኑን ከግድግዳው አነሳ። ሮማኒ መቀስ ፈለገች፤ አጠገብ አልነበረም። ራሼል አልጠበቀቻትም። ጎንበስ ብላ ፊቷን ከእናቷ አንገት ሥር አስገባችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፤ ከንፈሯ ቀዝቃዛው ቆዳ ላይ ትንሽ ቆየ።